ረጅም ሌንስ በእጅ ይዞ ጥርት ያለ ፎቶ ማንሳት
ጅማ ቦዬ ረግረግ ዳር ወፍ ሳነሳ፣ ትሪፖዴ (ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ መቆሚያ) ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ 400 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ በእጄ ነው የምይዘው።

ያለ ማረጋጊያ (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ የሌንሱ ወይም የካሜራው ክፍል) የሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት 1/400 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ይሁን። ማረጋጊያው ሲበራ፣ ቆማ ለምትጠብቅ ወፍ 1/100 ይበቃኛል። ግን ልብ በሉ፦ የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ እንጂ የወፏን ክንፍ አይደለም። ለምትበር ወፍ 1/1600 አድርጉ። ለዚህ ሲባል አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) ከፍ ቢል ግድ የለም፤ ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል።

ዋናው አያያዙ ነው። ግራ እጅ ከሌንሱ ስር፣ ክርኖች ደረት ላይ ጥብቅ። የማንሻ ቁልፉን በግማሽ ተጫኑና ጠብቁ። ማረጋጊያው ሥራ ሲጀምር፣ ሲዋልል የነበረው ምስል ድንገት ረጋ ይላል። ያኔ ትንፋሽ እያወጣችሁ በቀስታ ተጫኑት። ሦስት አራት ፎቶ አከታትሉ፤ እኔ ብዙ ጊዜ ጥርት ብሎ የማገኘው መሃል ያለውን ነው።