አሮጌ የዩኤስቢ ሲሪያል ገመድን ለሊኑክስ ከርነል ማስተዋወቅ

ደሴም ሁን ኮምቦልቻ፣ የዲሽ ሪሲቨር የምትጠግን ከሆነ ያቺን ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የምትቀይር ርካሽ ገመድ ታውቃታለህ። ሰክተሃት ሊኑክስ ዝም ካለ ቶሎ አትጣላት። ከርነሉ (ዕቃዎቹን የሚያስተዳድረው የሊኑክስ እምብርት) አላወቃት ይሆናል።

መጀመሪያ የከርነሉን መልእክት አንብብ። ሁለት ቁጥር ታገኛለህ፣ የአምራቹና የዕቃው። 4348 እና 5523 ከሆኑ የሲኤች341 ቺፕ ድራይቨር (ከርነሉ ዕቃውን የሚያነጋግርበት ፕሮግራም) ያውቃቸዋል፣ ሞጁሉን፣ ማለትም ይህንኑ ድራይቨር፣ ከርነሉ ላይ መጫን ብቻ ነው። ቁጥሩ እንግዳ ሆኖ ቺፑ ግን ያው ከሆነ (ሽፋኑን ከፍተህ በስልክህ መብራት ጽሑፉን እይ፣ ካልፋቁት) ሞጁሉን ጫንና ሁለቱን ቁጥሮች በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) ሆነህ ሲስኤፍኤስ (ከርነሉ መረጃውን በፋይል መልክ የሚያሳይበት ቦታ) ውስጥ፣ በድራይቨሩ ማውጫ ሥር ወዳለው «ኒው አይዲ» ፋይል ጻፍ። ኮድ ሳትነካ ትሞክረዋለህ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከሠራ በድራይቨሩ የመለያ ሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ጨምር።

ራስ ምታቱ የሚመጣው ቺፑ ቁጥሩን እንደያዘ ጠባዩ ሲለይ ነው። አንዳንዶቹ ሲኤች340ዎች (በዚሁ ድራይቨር የሚሠሩ ቺፖች) «ብሬክ» የሚባለውን ምልክት፣ ማለትም መስመሩን ከአንድ ባይት ጊዜ በላይ ዝቅ አድርጎ መያዝን፣ መላክ አይችሉም። ድራይቨሩ ሲነሳ የብሬኩን ሬጂስተር (በቺፑ ውስጥ ያለች ትንሽ የመረጃ ቦታ) ለማንበብ ይሞክራል፤ ቺፑ እምቢ ካለ ጉድለቱን መዝግቦ ይይዝና በኋላ ብሬክ ሲጠየቅ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ባዶ ባይት በመላክ ያስመስላል። አሪፍ ዘዴ ነው! አንተም እንዲሁ ቺፑን ጠይቀህ ለይ። ቁጥሩን ብቻ አይተህ ማስተካከያ ብትጭን ጤነኛዎቹን ታበላሻለህ።

ፓቹን (የኮድ ለውጥህን) ከመላክህ በፊት ሁለቱንም ዓይነት ገመድ፣ ብሬክ የሚችለውንም የማይችለውንም፣ በ9600ም በ115200ም ቢት በሰከንድ ፍጥነት ፈትሻቸው።