ሳይክልና ተሳቢ በአንድ መንገድ፦ የድሬ ልጆች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ድሬ ለሳይክል ትመቻለች። ችግሩ የጅቡቲ ጭነትም በእኛው መንገድ ማለፉ ነው። ሳይክል ጥገና ከመጀመሬ በፊት ተሳቢ ላይ ረዳት ስለነበርኩ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ።

በቀኝ በኩል መሹለክ። ይሄ ያበግነኛል። ተሳቢው መታጠፊያ ላይ ቆሟል፤ በቀኙ ትንሽ ክፍተት አለች፤ ልጁ ሹልክ ይላል። አቦ፣ ያቺ ክፍተት ላንተ የተተወች አይደለችም! ተሳቢ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲል መጀመሪያ ወደ ግራ ወጣ ይላል፤ ከኋላ ላለው ሰው መንገድ የለቀቀለት ይመስለዋል። ከዚያ ፊቱ ሲዞር የኋላ ጎማዎቹ የፊተኞቹን መስመር አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ቆርጠው ይመጣሉ፤ ክፍተቷም ትዘጋለች። ሹፌሩ የተቀመጠው በግራ ነው፤ ቀኝ በሩ ሥር ከሆንክ በስፖኪዮም ላያይህ ይችላል። ካላመንክ፣ የቆመ ተሳቢ ፈልግና «ጋሼ፣ አንዴ ልቀመጥ?» ብለህ ሹፌሩን አስፈቅድ። ጓደኛህ ሳይክሉን ይዞ ቀኝ በሩ አጠገብ ይቁም። ይህን ያሞከርኩት አንድ ልጅ ከላይ ሆኖ «የት ሄደ?» ብሎ ሲጮህ፣ ጓደኛው ከሥር በሩን እየደበደበ ነበር።

አፍንጫው ሥር መቆምም ያው ነው። ፍሬቻ ደግሞ አትጠብቅ፤ የሚበራው ዘግይቶ ነው፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይሠራም።

ወደ ሐረር በሚያወጣው ደንገጎ ዳገት ላይ ተሳቢ መያዝ። ዳገቱ እንደሚገድል አውቃለሁ፤ መኪናውም እየተንፏቀቀ ስለሚወጣ ያጓጓል። ግን በአንድ እጅህ መሪ፣ በሌላው ብረት ይዘህ ጉድጓድ ቢመጣ በየትኛው ፍሬን ልትይዝ ነው? ማርሽ ሲቀየር ደግሞ መኪናው ይነጥራል።

ስትወርድ፣ ተሳቢውን ቀድመህ ፊቱ ላይ ፍሬን አትያዝ። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ የሚወርደው ሰንፎ አይደለም፤ ፍሬን ከጋለ አይዝም፣ ጭነቱ ደግሞ ከኋላ ይገፋዋል። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚበረውን ግን ጥግ ይዘህ አሳልፈው፣ አትከራከረው።

ማታ ያለ መብራት መንዳት፦ ምንም አልልም።

መኪና ሽሽት ደቻቱ አሸዋ (ከተማውን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ) ውስጥ መግባት። በበጋ ደህና ነው። በክረምት ግን ድሬ ላይ ጠብ ሳይል፣ ላይ ደጋው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። የ1998 ዓ.ም. ክረምቱ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ሰማዩን ሳይሆን ተራራውን እያየህ ግባ፤ ወደ ላይ ከጠቆረ በድልድዩ ዙር።

እናንተ ረዳቶችም ብትሆኑ፣ መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አንገታችሁን በመስኮት አውጡና ጎማውን እዩ። ስልኩ ይደርሳል።