ኡቡንቱ ከጫንኩ በኋላ የዊንዶውስ ሰዓት ለምን ወደ ኋላ ቀረ?

ላፕቶፔ ላይ ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ ስርዓተ ክወና ጫንኩ። መጫኑ ያለ ችግር አለቀ። ያስቸገረኝ ሰዓቱ ነው። ከኡቡንቱ ወጥቼ ዊንዶውስ ስከፍት፣ ስልኬ ከቀኑ 9 ሰዓት እያለ ላፕቶፑ 6 ሰዓት ይላል። አስተካክዬው ወደ ኡቡንቱ ስመለስ ደግሞ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ 3 ሰዓት ቀድሞ ይጠብቀኛል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማዘርቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለውን፣ ላፕቶፑ ሲጠፋም ሰዓቱ እንዲቆጥር የሚያደርገውን ባትሪ ነበር። ገዝቼ ቀየርኩት፤ ወይ ፍንክች! ለነገሩ ባትሪ ቢያልቅ ሰዓቱ ሁልጊዜ ልክ በ3 ሰዓት አይዛነፍም። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) የምትቀድመው በ3 ሰዓት ነው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ኡቡንቱ የማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የሚጽፈው ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ግን ያንኑ የአገር ውስጥ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል።

ኡቡንቱ ላይ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቼ፣ «ታይምዴትሲቲኤል» በሚባለው ትእዛዝ «ሎካል አርቲሲ» የሚለውን 1 አደረግኩት፤ ኡቡንቱም የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ ዊንዶውስ በአገር ውስጥ ሰዓት እንዲይዝ ማለት ነው። ከዚያ ዊንዶውስ ገብቼ ሰዓቱን አንዴ አስተካከልኩ። ኡቡንቱ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ አንዱ ምክንያት በዓመት ሁለቴ ሰዓት በሚቀየርባቸው አገሮች ስለሚያምታታ ነው። እኛ ጋ ስለማይቀየር አላሳሰበኝም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ግን ኡቡንቱን ሳትነኩ፣ ዊንዶውስን በሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች ማከማቻ) በኩል ዓለም አቀፉን ሰዓት እንዲያነብ ብታደርጉት ይሻላል።

ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ሁለቱም ጋ ሰዓቱ ልክ ነው።