የዕድር ቤትን የሕፃናት ማቆያ ለማድረግ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ እናት ከወሊድ በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ሲሆን፣ ሕፃኑ ግን እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመከራል። በጉልት ንግድ ወይም በቀን ሥራ የምትተዳደር እናት ደግሞ ይህችም ፈቃድ የላትም። ይህን ክፍተት ለመድፈን የአዲስ አበባ ሰፈሮች የግድ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልጋቸውም። ብዙ ዕድሮች ቤት፣ ወንበርና በየወሩ የሚገባ መዋጮ አሏቸው፤ ቤቱም አብዛኛውን ሳምንት ተዘግቶ ይውላል።

መጀመሪያ እናቶችን ቤት ለቤት ጠይቁ። የልጁ ዕድሜ፣ እናትየው ከቤት የምትወጣበትና የምትመለስበት ሰዓት፣ ልጁ አሁን ከማን ጋር እንደሚውልና ምን ያህል መክፈል እንደምትችል ይመዝገብ። በዕድር ስብሰባ በብዛት የሚገኙት አባወራዎች ስለሆኑ፣ ጉዳዩ በስብሰባ ላይ ብቻ ከተነሣ የሚወስኑት ችግሩ የማይደርስባቸው ሰዎች ይሆናሉ።

ቀጥሎ ሐሳቡን ለጠቅላላ ጉባኤ አቅርባችሁ መተዳደሪያ ደንቡን አሻሽሉ። ሽማግሌዎች «የቀብር ገንዘባችን ይነካል» ብለው መስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ማቆያው የራሱ የባንክ ሒሳብና እናቶች የሚበዙበት ኮሚቴ ይኑረው። ለቤቱ ዕድሳት ገንዘብ ከመውጣቱ በፊትም የሚመለከተውን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃዱና ስለ መሥፈርቱ ጠይቁ። ድንኳኑና ብረት ድስቱ በተለየ ክፍል ይቆለፉ፣ ክፍት ጉድጓድ ይከደን፣ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ከሰል ፈጽሞ አይቀጣጠል።

ከሁሉ በላይ ግን የሞግዚቶቹ ደመወዝ ይታሰብበት። በእኔ እምነት ማቆያ እንዲዘልቅ የሚያደርገው የግድግዳው ቀለም ሳይሆን ልጆቹን የለመደች፣ ደመወዟ በወቅቱ የሚደርሳትና ነገ እሄዳለሁ የማትል ሴት ናት። ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በተመለከተ አንዲት ሞግዚት ከሦስት ወይም ከአራት በላይ ባትይዝ ይመረጣል፤ ይህ ወጪውን ስለሚያከብደው እናቶች እንደየገቢያቸው ይክፈሉ፣ የቀን ሠራተኛዋ በየቀኑ እንድትከፍል ይፈቀድላት፣ የጎደለውንም ዕድሩ ከአባላት በሚሰበሰብ ትንሽ ተጨማሪ መዋጮ ይሙላ።

ታልቦ የሚመጣ የጡት ወተት ማቀዝቀዣ ከሌለ በአራት ሰዓት ውስጥ መጠጣት ስላለበት፣ በየጠርሙሱ ላይ የሕፃኑ ስምና የታለበበት ሰዓት ይጻፍ። ልጁን የሚወስደው ሰው አስቀድሞ የተመዘገበ ይሁን። ከመክፈቻው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ሕፃናቱ ከእናቶቻቸው ጋር በቀን አንድ አንድ ሰዓት እየመጡ ቤቱንና ሞግዚቶቹን ይልመዱ።