ያገለገለ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት ፍላሽ ያዙ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) ልትጭኑበት ካሰባችሁ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የግራፊክስ ካርዱን፣ ማለትም ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣውን ክፍል፣ እዩ። ራሙና ሃርድ ዲስኩ ብዙ ጊዜ አያስቸግሩም። ጣጣው ያለው ካርዱ ላይ ነው።

ካርዱ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ከሆነ ብዙም አትጨነቁ፤ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ከሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት፣ ጋር አብሮ ይመጣል። ኤንቪዲያ ከሆነ ግን ሞዴሉን አጣሩ። ኩባንያው ለአሮጌ ካርዶቹ ድራይቨር ማደሱን እየተወ ነው የሚሄደው። ለምሳሌ ለጂቲኤክስ 400 እና 500 ካርዶች የሚሆነው 390 የተባለው ድራይቨር ድጋፉ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አብቅቷል። ኑቮ የሚባለው ነፃ ድራይቨር ስክሪኑን ያሳያችኋል፣ ጌምና ቪዲዮ ኤዲቲንግ ግን አትጠብቁበት። እኔ ብሆን እንዲህ ዓይነት ካርድ ያለውን ኮምፒውተር በርካሽም ቢሆን አልገዛውም።

ዋናው ዘዴ ይኼ ነው፦ ኡቡንቱ ወይም ሚንት (የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) የተጻፈበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ይነሳል። «አንዴ ልሞክረው» ብትሉት የሚቆጣ የወሎ ነጋዴ እምብዛም አይገጥማችሁም። ከተነሳ በኋላ ቪዲዮ ክፈቱ። ማሽኑን አስተኙትና (ስሊፕ አድርጉትና) ቀስቅሱት፤ ብዙ የካርድ ችግር የሚጋለጠው እዚህ ጋ ነው። ገና ሲነሳ ስክሪኑ ከጠቆረ ኡቡንቱ ላይ «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለውን ምርጫ ሞክሩ።

የኤንቪዲያን ድራይቨር ጭናችሁ አልሠራ ካለ ደግሞ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ገብታችሁ ሴኪዩር ቡት የሚባለው የደህንነት መቆለፊያ በርቶ እንደሆነ እዩ። ድራይቨሩን የሚያግደው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።