ከማዕበሉ ማቅለሽለሽ እንዴት ተገላገልኩ

ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ለዳይቪንግ ስንወጣ ገና ሳልጠልቅ ሆዴ ይገለባበጥ ነበር። አሁን ተገላግያለሁ።

መጀመሪያ ሐኪም አማከርኩ። ያዘዘልኝን ኪኒን ቤቴ ሆኜ ሞከርኩት፤ እንቅልፍ የሚያስይዝ መድኃኒት ጥልቀት ላይ ናይትሮጅን የሚያመጣውን ስካር መሰል ድንዛዜ ሊያብሰው ይችላላ! ዕቃዬን ጀልባው ወደቡን ሳይለቅ እገጣጥማለሁ። ከዚያ መሃል ላይ፣ ከናፍጣው ጭስ ርቄ፣ አድማሱን እያየሁ እቀመጣለሁ። ስልክ መነካካት የለም። ዝንጅብል ግን አይጠፋም።

ጀልባው ላይ ካስመለሰኝ የዚያን ቀን አልጠልቅም። የሰውነት ድርቀት ለዲኮምፕሬሽን በሽታ (ከጥልቀት ሲወጡ ሰውነት ውስጥ በሚፈጠር የጋዝ አረፋ ለሚመጣ ሕመም) ያጋልጣል፤ ውሃ እየተጎነጨሁ አርፋለሁ።

ውሃ ውስጥ ድንገት ቢመጣስ? ሬጉሌተሩን (አፍ ላይ ተይዞ አየር የሚተነፈስበትን መሣሪያ) ከአፍ ማውጣት የለም፤ ቀጥሎ የሚሳበው ትንፋሽ ውሃ ይሆናል። በእጅ ደገፍ አድርጎ እዚያው ውስጥ ማስመለስ፣ ከዚያ ሬጉሌተሩ ፊት ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ማጽዳት። ያስጠላል፣ ግን አየር አይቋረጥም።