ጨዋማ ረግረግን እናድን ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዋሽንግተንና ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ኦሽን ሲቲ የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው። መንገዱ፣ ሩት 50፣ ኬምብሪጅ በምትባል ትንሽ የሜሪላንድ ከተማ ያልፋል። ከዚያ ወደ ደቡብ ገባ ቢሉ ብላክዋተር የሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። በ1933 የተከለለ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከ1938 ወዲህ 2,000 ሄክታር ያህል ጨዋማ ረግረጉ (የባሕር ሙላት እየገባ የሚሸፍነው ሣራማ መሬት) ወደ ውሃነት ተለውጧል።

ይህን የሰማ ሰው «ባሕሩ ጨመረ፣ ምን ይደረጋል?» ይላል። መጨመሩ እውነት ነው። ግን ረግረግ ዝም ብሎ የሚሰጥም መሬት አይደለም። ጭቃ ካገኘ ከውሃው ጋር አብሮ ከፍ ይላል። ቦታ ካገኘ ደግሞ ወደ ኋላ ይሸሻል። አብዛኞቹ ስህተቶች ከሁለቱ አንዱን ይነሱታል።

ዓለም አቀፉን ቁጥር ብቻ መያዝ

ብላክዋተር ባለበት በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ባለፉት መቶ ዓመታት ውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ግማሽ ያህሉ የመጣው መሬቱ ራሱ ስለሚወርድ ነው። በበረዶው ዘመን ሰሜኑን የተጫነው ግግር በረዶ በዙሪያው ያለውን መሬት ወደ ላይ ገፍቶት ነበር። በረዶው ከቀለጠ ሺህ ዓመታት አለፉ፤ መሬቱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ቀስ እያለ ይወርዳል። የዓለሙን የባሕር ከፍታ ጭማሪ አማካይ ይዞ እዚህ የሚያቅድ ሰው ገና ሲጀምር ይሳሳታል።

ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ተከሳሽ ላይ መለጠፍ

ኑትሪያ የምትባል፣ ትልቅ አይጥ የምትመስል የደቡብ አሜሪካ እንስሳ በ1943 ለጸጉሯ ሲባል ወደ አካባቢው ገባች። የሣሩን ሥር ትበላለች፤ ሥሩ ሲጠፋ ጭቃውን የሚይዘው የለም። በ2002 ዘመቻ ተከፈተባት፣ በ2022 ጨርሳ መጥፋቷ ተነገረ። ትልቅ ድል ነው። ውሃ የሆነው ረግረግ ግን በዚህ ብቻ አልተመለሰም።

ሣር ከሆነ ማዳበሪያ ይጠቅመዋል ማለት

ይሄኛው አሳማኝ ስለሚመስል የባሰ ነው። ረግረግ ከእርሻና ከፍሳሽ የሚመጣ ናይትሮጅንን ያጣራል፤ ግን ልክ አለው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ፕለም አይላንድ ላይ ተመራማሪዎች ለዓመታት ናይትሮጅን እየጨመሩ ረግረጉን ተከታተሉ፤ ውጤቱ በ2012 ታተመ። ሣሩ ከላይ ረዘመ፣ አማረበት። ከታች ሥሩ ቀነሰ። ምግቡ ደጁ ድረስ ከመጣለት ምን ሲል ሥር ይሰዳል? የጅረቶቹ ዳር ተሰነጠቀና ወደ ውሃው ተናደ። ሜሪላንድ ውስጥ ግቢው ላይ ማዳበሪያ የሚረጭ ሰው፣ ትርፉ በዝናብ ታጥቦ ወዴት እንደሚሄድ ቢያስብ ደግ ነው።

ደለልን እንደ ቆሻሻ መቁጠር

እኛ ደለል ሲባል የሚታየን ግድብ የሚሞላ ጠላት ነው። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ባሕሩ ሲሞላ ጭቃ ይዞ ይገባል፣ ሣሩ ውሃውን ያዘገየዋል፣ ጭቃውም እዚያው ይቀራል። ረግረግ የሚያድገው በዚህና በራሱ ሥር ክምችት ነው። ብላክዋተር የሚደርሰው ጭቃ ጥቂት ነው። ስለዚህ በ2016 ከብላክዋተር ወንዝ ወለል የተጠረገ ጭቃ 16 ሄክታር ገደማ ላይ በፓምፕ ተረጨ። ውፍረቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነበር። ልኩ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከበዛ ሣሩን ይቀብረዋል። ከባልቲሞር የመርከብ መተላለፊያ የሚወጣው ጭቃም ባሕሩ በልቶት የነበረውን ፖፕላር ደሴትን መልሶ ለመሥራት ውሏል።

ዳርቻውን በግንብ መዝጋት

ቤቱ ውሃ ዳር ያለ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ግንብ ነው። አይፈረድበትም። ግን ማዕበሉ ግንቡን መትቶ ሲመለስ ከፊቱ ያለውን ጭቃ ይቦረቡረዋል። ከኋላ ደግሞ መንገዱ ስለተዘጋ ረግረጉ መሸሽ አይችልም። ሜሪላንድ በ2008 ባወጣችው ሕግ፣ ለየት ያለ ፈቃድ ካልተገኘ በቀር፣ ዳርቻ የሚጠበቀው ሣርና ሌሎች ተክሎችን በመትከል ነው።

የዚህ ስህተት ወንድም አለ፤ የደረቁ ጥዶችን አይቶ ሁሉ ነገር አለቀ ማለት። ብላክዋተር ዳር ጨው የደረሰባቸው ጥዶች ቆመው ይሞታሉ፤ ያስደነግጣሉ። ነገር ግን ጫካው በለቀቀው ቦታ ረግረጉ እየገባ ነው። እርሻው በጨው ለተበላበት ገበሬ ይህ መጽናኛ አይሆንም፤ የእሱ ኪሳራ እውነተኛ ነው። ለዚህም ነው ከኋላ ያለውን መሬት ቀድሞ በዋጋ መግዛት የሚሻለው። በ2020 የፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት 1,000 ሄክታር ያህል በ6 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ከብላክዋተር ጋር ቀላቀለ፤ ባሕሩ የወሰደውን ለመተካት። እዚያው መሬት ላይ ባሪያዎችን ነፃ በማውጣት የምትታወቀው የሃሪየት ታብማን አባት ቤን ሮስ ይኖርበት የነበረው ቤት ቅሪት ተገኘ።

ሌላ አንድ ነገር፤ ጫካው በለቀቀው ቦታ ቀድሞ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ ሸምበቆ ነው። ካልተከታተሉት ሁሉን ይይዘዋል።

አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው ማለት

ረግረግ ሁለት ፎቅ አለው። ታችኛው ባሕሩ ዕለት ዕለት የሚሸፍነው ነው። ላይኛው የሚረጥበው ትልቁ ሙላት ሲመጣ፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወጣ ነው። የጨው ረግረግ ድንቢጥ ጎጆዋን የምትሠራው በላይኛው ሣር ውስጥ፣ መሬት ጠጋ ብላ ነው። እንቁላል መጣሉም፣ መታቀፉም፣ ጫጩት ማብረሩም ከሁሉ በከበዱ ሁለት ሙላቶች መካከል ማለቅ አለበት፤ አራት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ባሕሩ ከፍ ሲል ይህ ፋታ ያጥራል፣ ጎጆው ይጥለቀለቃል። ቁጥሯ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ክፉኛ ወርዷል። የታችኛው ሣር የላይኛውን ቦታ ሲወርስ ግን ከሩቅ ለሚያይ ሁሉም እንደ ድሮው አረንጓዴ ነው። ስንት ሄክታር ዳነ የሚል ሪፖርት ሲመጣ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ላይኛው እንደሆነ ይጠየቅ።